ባዶ ተብሎ የተነሣው መንገድ

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ወደ ከተማይቱ ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ዝናቡ አባርቶ አቧራው ገና ሳይነሣ፣ የባለሱቆች መንገድ በሚባለው ሰፊ ጎዳና የማለዳ ፀሐይ ከወደ ምሥራቅ ገብታ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን አንድ ባንድ ትነካ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው የምድጃውን በር ከፍቶ አመዱን ይጠርጋል፤ ኮርቻ ሰፊው ቆዳውን ደጅ አውጥቶ ይዘረጋል፤ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በቆዳ ቀበቶ ላይ ወዲያና ወዲህ ያፋጫል፤ በቅሎ የጫኑ፣ ጋሪ የሚገፉ፣ ውሃ የተሸከሙ ሰዎች እየተጋፉ፣ እየተሰዳደቡና እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለወግ ማሳመሪያ አይደለም፤ ኋላ «እዚያ ቦታ ምንም አልነበረም» የተባለው ይኸው መንገድ ስለ ሆነ ነው። ነበረ! አፋቸውን ሞልተው አልነበረም ያሉትን ሰዎች አፈር በልቷቸዋል እንጂ፣ በሕይወት ቢኖሩ ደጃፋቸው ቆሜ እጮህባቸው ነበር።

በዚያ ጎዳና መካከል፣ ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ ቀጥሎ፣ የፋኖስ ሠሪዋ ቤት ነበር። ሴትዮዋ አባቷ ሲሞት መዶሻውን፣ የቆርቆሮ መቀሱንና ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ወርሳ፣ ወንዶቹ «እስኪ እናያለን» እያሉ ሲያሾፉባት ሥራዋን ቀጠለች፤ ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ፋኖስ ሁሉ ከእሷ እጅ የሚወጣ ሆነ። ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ የወንድ፣ ምላሷ ደግሞ ማንንም የማይምር ነበረ፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሰው «እሜቴ መዶሻ» ብሎ ሰየማት፤ ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ ሊጠራት የደፈረ ግን አልነበረም።

አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ገና የሕፃንነት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበርና አዝላ፣ አብልታ፣ አጥባ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ ከአንድ ተዘዋዋሪ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ጥቂት ዓመታት ዞሮ፣ ሙያውን ተምሮ ሲመለስ ከሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቀችለት፤ መስኮቱን በቆርቆሮ ደፍና የጨለማ ክፍል አደረገችለት፤ ብርሃን ሥራውን እንዳያበላሽበትም ቀይ መስታወት የተገጠመለት ፋኖስ በገዛ እጇ ሠራችለት። «እኔ ማብራት ብቻ ነው የማውቀው፤ ወንድሜ ግን ብርሃንን ይዞ ያስቀምጣል» እያለች ላገኘችው ሁሉ ታወራ ነበር። ወይ ነዶ!

የከተማይቱ ጠብ እንዲህ ነው የጀመረው። የምድር ባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ሐዲዱን ሲቀይሱ መስመሩን በባለሱቆች መንገድ ላይ አሳለፉት። በወንዙ ዳር ዞሮ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የወንዙ ዳር ረግረግ ስለ ሆነ በድንጋይ መሞላት ነበረበት፤ ኩባንያው ደግሞ ያን ድካም አልወደደም። የአውራጃው ደንብ ግልጽ ነበረ፤ ሰው የሚሠራበትና የሚነግድበት ሰፈር ከሆነ ሐዲዱ ዞሮ ይለፍ፣ ባዶ ቦታ ከሆነ ግን ቀጥ ብሎ ይለፍ ይላል። የኩባንያው ወኪል፣ ጢሙን በሰም ያሾለና ነጭ ጓንት ከእጁ የማይለይ ሰው፣ በአውራጃው ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ «ክቡር ሆይ፤ ቦታው ባለቤት የሌላቸው ጥቂት ዳሶች የቀሩበት ባዶ ሜዳ ነው» አለ። ባለሱቆቹም «ኧረ ውሸት!» ብለው ችሎቱን አናወጡት።

ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሪህ ጉልበታቸውን ስለ ያዛቸው ያን ሁሉ መንገድ በበቅሎ ተጉዘው ቦታውን በዓይናቸው ሊያዩ አልቻሉም። ጥቂት አሰቡና፣ «በዚህ ዘመን ፎቶግራፍ የሚባል ነገር መጥቷል። ሰው ይዋሻል፤ ብርሃን ግን አይዋሽም። ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው መንገዱን በሥራ ሰዓት ያንሣውና አምጡልኝ፤ ባየሁት እፈርዳለሁ» አሉ። ወኪሉ ወዲያው የፋኖስ ሠሪዋን ወንድም ስም ጠራ። ባለሱቆቹ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው፤ የራሳቸው ልጅ፣ በዓይናቸው ሥር ያደገ ልጅ! እየተቃቀፉ ወጡ። ባላጋራ እንዲህ ቶሎ ሲስማማ መጠርጠር ይገባ ነበር፤ ግን ማን ማንን ይጠርጥር?

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ወኪሉ ብቻውን ወደ ፎቶግራፍ አንሺው ክፍል መጣ። እህትዮዋ ቆርቆሮ ልትመርጥ ወደ ገበያ ወጥታ ነበር። ወኪሉ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ከፍቶ፣ የነሐስ ቀለበቱ የሚያብረቀርቅ አዲስ ሌንስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ወጣቱ እንደዚያ ያለ ሌንስ በሕልሙም አይቶ አያውቅም።

«ከኩባንያው የተላከልህ ነው» አለ ወኪሉ። «አንድ አደራ ብቻ አለኝ። ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አጥብበህ፣ ክዳኑን ግን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍተህ አንሣ። እያንዳንዱ ጠጠር ጥርት ብሎ እንዲታይ እንፈልጋለን።»

«እንደሱ ከሆነማ ጌታዬ፣ ቆሞ የሚቆይ ነገር ነው የሚወጣው» አለ ወጣቱ። «የሚንቀሳቀስ ሰው ምስሉ በሚያርፍበት መስታወት ላይ አይቀረጽም፤ እንዳልነበረ ሆኖ ያልፋል።»

«አውቃለሁ።» ወኪሉ ጓንቱን እያስተካከለ ፈገግ አለ። «ኩባንያው ከዚህ እስከ ባሕሩ ጠረፍ ድረስ ድልድዩን፣ ዋሻውን፣ ጣቢያውን ሁሉ እየተከተለ የሚያነሣ ባለሙያ ይፈልጋል። ስሙ በያንዳንዱ ፎቶግራፍ ግርጌ ይታተማል። ከሩቅ ከማስመጣት የዚሁ አገር ልጅ ቢሆን ይሻላል ብዬ ለአለቆቼ ነግሬያቸዋለሁ።»

ወጣቱ ሌንሱን አልመለሰለትም። ወኪሉ በዚህ ረክቶ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ቅዳሜ ዕለት ባለሱቆቹ እንዴት ሆነው እንደሚነሡ ለመምከር በፀጉር አስተካካዩ ቤት ተሰበሰቡ። ቤቱ ጠባብ ስለ ነበር ግማሾቹ በሩ ላይ ቆሙ፤ ዳቦ ጋጋሪው ግን ቀድሞ ደርሶ የደንበኛውን ወንበር ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ነበር።

«እኔ የምለው» አለ፣ «ሁላችንም ክት ልብሳችንን ለብሰን፣ በየደጃፋችን ወንበር አውጥተን፣ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ቁጭ እንበል። ፎቶግራፍ እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው።»

«ሠርግ ነው እንዴ?» አለች ፋኖስ ሠሪዋ። «ዳኛው ወንበር ላይ የተዘፈዘፈ ቦርጫም ቢያዩ ምን የሚሉ ይመስልሃል? ሥራ ፈት ነው ይላሉ! ሥሩ እንጂ! አንተ ዳቦህን አውጣ፤ አንተ ቆዳህን ቅደድ፤ ጋሪውም ይሂድ፤ በቅሎውም ይጫን። ሰፈሩ ሲሠራ ይዩት። ሲቀመጥማ የትኛው ሰፈር የማይቀመጥ አለ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዳቦ ጋጋሪው ቦርጩን እየዳሰሰ፣ «ይቺ ሴት መቼም አንድ ቀን አታከብረኝ» ብሎ ተስማማ። እሷም ጥግ ላይ ወደ ቆመው ወንድሟ ዞረች።

«እንዲያው ግን አንተ ልጅ፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ይወጣልሃል? ያን ጊዜ እኔን ስታነሣኝ አንገቴን ከኋላ በብረት ደግፈህ፣ ‹አትተንፍሺ› ብለህ፣ ልትገድለኝ አልነበር?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ አየ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረውም፤ አንድ ቃል ብቻ ነበረ የሚበቃው።

«እሱ በአሮጌው ነው እታለም» አላት። «ይሄ አዲሱ የሚበር ወፍ እንኳ ይይዛል።»

«ተባረክ!» አለችው። ያችን ምርቃት ሰምቶ እንዴት ቀና ብሎ እንደ ቆመ እኔ አይገባኝም። እንደ ዳቦ ጋጋሪው ሐሳብ ቁጭ ቢሉ ኖሮ ሁሉም በየደጃፉ ተሰልፎ በወጣ፣ መንገዱም በተረፈ ነበር፤ እነሱ ግን ያሳደጉትን ልጅ አምነው ለመሥራት ተነሡ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ካሜራው በመንገዱ ጫፍ በሦስት እግሩ ቆመ፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ወዲያ ወዲህ አለ። ያ ሕዝብ በዕድሜው እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ዳቦ ጋጋሪው ላቡ እየተንጠፈጠፈ በረጅሙ አካፋው ያወጣል፣ ያስገባል፤ ኮርቻ ሰፊው መርፌውን ክንዱ እስኪዘረጋ ድረስ ይስባል፤ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ቢያጣ የተጠረገውን ደጅ መልሶ ይጠርጋል፤ ጋሪ ገፊዎቹ ወርደው ሳይጨርሱ ይመለሳሉ፤ ፋኖስ ሠሪዋም መስፏን ደጅ አውጥታ መዶሻዋን እያነሣች ታወርዳለች። አንድ ሰው ብቻ አልተነሣም፤ እንቅልፌ የሚባለው የሰፈሩ ሥራ ፈት በጨርቅ ነጋዴው ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ እንደ ወትሮው ተኝቶ ነበር። ሊቀሰቅሱት ቢሞክሩ፣ «ኧረ ተዉኝ! እኔ ብታይ ባልታይ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ።

ፎቶግራፍ አንሺው የሌንሱን ክዳን አነሣ። አንድ ሰው ጎዳናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራምዶ እስኪጨርስ ያህል ክፍቱን ተወው፤ ከዚያም መልሶ ከደነው። እህቱ ከሩቅ መዶሻዋን ወደ ላይ አንሥታ «ወጣሁ?» ብላ ጮኸች።

«ወጥተሻል!» አላት።

የፍርዱ ቀን በጥር ወር ዋለ። ፋኖስ ሠሪዋ፣ ዳቦ ጋጋሪውና ፀጉር አስተካካዩ የሰፈሩ እንደራሴዎች ሆነው በችሎቱ ቀረቡ፤ ከወዲሁ እንዳሸነፉ ነበር የሚሰማቸው። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ትልቁን ፎቶግራፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ፤ ብዙ ጊዜ አዩት፤ ከዚያም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን በሥራ ሰዓት ነው ያነሣኸው?» ብለው ፎቶግራፍ አንሺውን ጠየቁት።

«አዎን ክቡር ሆይ።»

«በእጅህ የፋቅኸው ወይም የቀባኸው ነገር አለ?»

«የለም ክቡር ሆይ፤ በሕይወቴ እምላለሁ።»

«ታዲያ ሰዉ የታለ?»

«መስታወቱ ያየውን ነው ያሳየው ክቡር ሆይ» አለ።

ዳኛው ፎቶግራፉን ወደ ባለሱቆቹ አዞሩት። ጠጠሩ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ የቤቶቹ ደጃፍ ተከፍቶ ውስጡ ጨለማ ነው፤ በጎዳናው ላይ ግን ነፍስ የሚባል የለም፤ ጋሪ የለም፣ በቅሎ የለም፣ ዳቦ ጋጋሪ የለም፤ መስፉ ደጅ ወጥቶ ቆሟል፣ የሚቀጠቅጥበት ግን የለም። በጨርቅ ነጋዴው ግድግዳ ሥር ብቻ እንቅልፌ እግሩን ዘርግቶ፣ ከነጫማው ቀዳዳ፣ ከነጢሙ ጉድፍ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

«በዚህ ሰፈር የማየው አንድ ሥራ ፈት ነው» አሉ ዳኛው።

«ኧረ እኔ ነበርኩ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ በወፍራም ጣቱ ባዶውን ደጃፍ እየነካ። «እዚህ ጋ! ላቤን እያንጠፈጠፍኩ! ክቡር ሆይ፣ እኔን የሚያህል ሰው እንዴት ይጠፋል?» የችሎቱ ዘበኞች ሳቁ።

ፋኖስ ሠሪዋ ፎቶግራፉን አንድ ጊዜ አይታ ተወችው፤ ወንድሟን ነበር የምታየው፤ እሱ ደግሞ ወለሉን። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት።

«ክቡር ሆይ፤ ይሄ ዕቃ የሚንቀሳቀስ ሰው አይዝም! እሱ ያውቃል! ሰው ሲያነሣ ‹አትተንፍሱ› የሚለው ለምን ይመስልዎታል?»

ወኪሉ ሳይቸኩል ከቦርሳው ሌላ ፎቶግራፍ አወጣ፤ የኩባንያው ሠራተኞች ሐዲድ ሲዘረጉ፣ መዶሻቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ይታዩበታል። «የሚንቀሳቀስ አይዝም ለሚሉት ይኸው ክቡር ሆይ» አለ። «ሰዎቼ በሥራ ላይ ናቸው።»

«ማን ነው መዶሻ አንሥቶ እንዲህ ተገትሮ የሚቀረው? ቁሙ ተብለው ነው እንጂ! ወንድሜን ይጠይቁልኝ! እሱ ይናገር!»

ዳኛው ጠየቁት። ፎቶግራፍ አንሺውም፣ «የካሜራ ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል ክቡር ሆይ» አለ። ይህን ብቻ አለ። እኔ እርግማን የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ለዚህ አነጋገር የሚገባ ሌላ ነገር ግን እስካሁን አላገኘሁለትም።

ፋኖስ ሠሪዋ በችሎት ፊት ጮኸች ተብላ በዘበኛ ተገፍትራ ወጣች፤ ፍርዱም ቦታው ባዶ ስለ ሆነ ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ይለፍ የሚል ሆነ። ዳኛው በቅን ልቡና የፈረዱ መስሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

ወንድምዮው ወደ ቤት የገባው በማግስቱ ነበር፤ እንደ ሌባ በጓሮ በኩል። እሷ ግን በክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር፤ ተነሥታ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመችበት።

«ዓይንህን ቀና አድርገህ እየኝ።»

«እታለም…»

«እታለም አትበለኝ! በየትኛው አፍህ? ይሄን ክፍል ማን ሰጠህ? ይሄን የቆምክበትን ወለል ማን ወለወለልህ? የሚበር ወፍ ይይዛል አልከኝ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዓይንህን በጨው አጥበህ! እኔ ደግሞ ተባረክ አልኩህ!»

«ሐዲዱ እንደሆነ መምጣቱ አይቀርም ነበር» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሮ። «እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ያስመጡ ነበር። ቢያንስ አንዳችን እንኳ ሰው እንሁን ብዬ ነው። እኔ ቦታዬን ስይዝ አንቺንም…»

«እኔንም ምን? ፎቶ ልታነሣኝ?»

በጥፊ አጮለችው፤ ደገመችውም። በመዶሻ የጠነከረ እጅ ነበርና ከንፈሩ ደማ፤ እሱም አልተከላከለም። ልታለቅስ ፈልጋ እንባ እምቢ አላት። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አሁን ስማኝ። ሊያፈርሱን በሚመጡበት ቀን እዚያው ቦታ ላይ ትቆማለህ። በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ቀዳዳ፣ ክዳኑን ለዚያኑ ያህል ከፍተህ ታነሣናለህ። ‹በሌላ ዕቃ ነው ያነሡት፣ አጭበርብረዋል› የሚል እንዳይመጣብኝ ቅንጣት ነገር እንዳትለውጥ። እኛም አንተነፍስም። ይሄን ካላደረግህ የእናቴ ልጅ አይደለህም፤ ሣጥንህንም በዚህ መዶሻ እንክትክቱን ነው የማወጣው።»

«ለማን ልታሳዪው?»

«ለበላይ ዳኛ! ለገዢው! እነሱም እምቢ ካሉ ገና ላልተወለደ! ነበርን ለማለት ነው፤ አንተን ምን አገባህ? አንሣ ብቻ!»

በመጋቢት ወር መጨረሻ አፍራሾቹ መጡ፤ የኩባንያው ሠራተኞች ዶማና ገመድ ይዘው ከፊት፣ የገዢው ዘበኞች ጠመንጃ አንግተው ከኋላ። ወኪሉ በነጭ ጓንቱ እየጠቆመ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፤ ያዛል፤ ይቆጣል። ከጎዳናው ዳር ጀምረው ጣሪያውን ገነጠሉት፤ ግድግዳውን በገመድ እየሳቡ ጣሉት፤ ቀትር ሳይሆን ግማሹ መንገድ ፍርስራሽ ሆኖ አቧራው ሰማዩን ሸፈነ።

ባለሱቆቹ ግን ክት ልብሳቸውን ለብሰው ወጥተው ነበር። ኮርቻ ሰፊው፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁሉም በየደጃፋቸው፣ ደጃፉ የፈረሰባቸውም ደጃፋቸው በነበረበት ላይ ቆሙ። ፋኖስ ሠሪዋ መሃል መንገድ ላይ እግሯን ተክላ ቆመች። ፎቶግራፍ አንሺው ክዳኑን ሲያነሣ እጇን ዝቅ አደረገች፤ ያ ምልክታቸው ነበር፤ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ።

አፍራሾቹ በመካከላቸው እየተሯሯጡ ወራጅና ማገር ይጎትታሉ፤ ዘበኞቹ «ልቀቁ! ሂዱ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ አቧራው በባለሱቆቹ ዓይን ውስጥ ይገባል። ማንም አልተነቃነቀም። ዳቦ ጋጋሪው አባቱ የሠሩት ምድጃ ከጀርባው ሲናድ ሰማ፤ ዞር አላለም፤ እንባው ብቻ ጉንጩን ይዞ ወረደ። ያ ሰውዬ ቀልደኛ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሲቀልድ የሰማው የለም።

ወኪሉ ካሜራውን ሲያይ እንዲነሣ ያዝዛል ብለው ፈርተው ነበር፤ እሱ ግን ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ለፎቶግራፍ አንሺው ሰላምታ ሰጠና ሥራውን ቀጠለ። ያን ጊዜ ለምን እንዳልከለከለ ለማንም አልገባም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለሱቆቹ ከወንዙ ማዶ በሸራ ድንኳን ተጠልለው ሳሉ ወንድምዮው ፎቶግራፉን ይዞ መጣ። ሁሉም ከበቡት። ወጥተዋል! የኮታቸው ቁልፍ፣ የጫማቸው ክር፣ የግንባራቸው መስመር ሳይቀር ወጥቷል። ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ሲያይ እንደ ልጅ ዘለለ። ፋኖስ ሠሪዋም ፊቷ ፈታ አለ፤ ከዚያ ግን ጣቷ ፎቶግራፉ ላይ አንድ ነገር ይፈልግ ጀመር፤ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ ተመለሰ።

«እነሱስ?» አለች።

«እነማን?»

«አፍራሾቹ ናቸዋ! ዘበኞቹ! ያ ባለ ጓንት! ሲያፈርሱን እኮ ነው ያነሣኸን!»

ወንድሟ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር። «እነሱ አልቆሙም እታለም» አለ። «ሲሯሯጡ ነበር። በዚያው ቀዳዳ፣ ለዚያኑ ያህል ብለሽ አዘዝሽኝ፤ እኔም እንዳልሽኝ አደረግሁ።»

ፎቶግራፉ ላይ ክት ልብስ የለበሱ ሰዎች በፍርስራሽ መካከል ተሰልፈው ቆመዋል፤ ዶማ የለም፣ ገመድ የለም፣ ጠመንጃ የለም፤ አቧራውም ሲወጣ የጠዋት ጉም መስሏል። ቤቶቹ በገዛ እጃቸው የፈረሱ፣ ሰዎቹም ፍርስራሹን ለምደው የሚኖሩበት ይመስላል። ፋኖስ ሠሪዋ በወንድሟ ላይ ከመናደዷ በፊት በራሷ ላይ ተናደደች፤ ቅንጣት እንዳትለውጥ ያለችው እሷ ናት። ይህን ይዛ የትኛው ዳኛ ፊት ትቁም?

«ያንተ ነው፤ ውሰደው» አለችው። «ከዚህ በኋላ ዓይኔ ሥር አትድረስ።»

ቃሏን ጠበቀች። ከወንዙ ማዶ ትንሽ ዳስ ሠርታ ሥራዋን ቀጠለች፤ ባቡሩ ገብቶ ጣቢያው ሲከፈት የኩባንያው ሰው መጥቶ ለመብራት የሚሆን ፋኖስ ሥሪልን ቢላት፣ «በጨለማ ይደናበር!» ብላ መለሰችው። ወንድሟ ግን የተባለለትን ቦታ አገኘ፤ ከድልድይ ድልድይ፣ ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞር ዕድሜውን ጨረሰ፤ ስሙም በያንዳንዱ ፎቶግራፍ ግርጌ ታተመ። ስትሞት ሊቀብራት መጥቶ ነበር ይላሉ፤ ዳቦ ጋጋሪው በአደባባይ አባረረው፤ ደግ አደረገ!

ዛሬ በቀድሞው ጣቢያ አዳራሽ ሁለቱም ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ከመጀመሪያው ሥር «ከተማይቱ ሳትመሠረት በፊት፤ ባለቤት የሌላቸው ዳሶችና ባቡሩን የሚጠባበቅ መንገደኛ» ተብሎ ተጽፏል። መንገደኛ የተባለው እንቅልፌ ነው! ከሁለተኛው ሥር ደግሞ «ከባቡሩ በፊት የነበሩ የፈራረሱ ጎጆዎች፤ ነዋሪዎቹ ኩባንያውን ለመቀበል ክት ልብሳቸውን ለብሰው ወጥተው» ይላል። የታሪክ ሊቃውንትም እነዚህን ፎቶግራፎች ምስክር አድርገው፣ ከተማይቱን የፈጠራት ባቡሩ ነው ብለው በመጽሐፋቸው አሰፈሩ፤ ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች በሠሩበት ሰዓት ተነሥተው እንዳልነበሩ ተቆጠሩ፤ ያፈረሷቸውም ሰዎች ባፈረሱበት ሰዓት ተነሥተው ከወቀሳ ነጻ ወጡ። ዳኛው እንዳሉት ብርሃኑ አልዋሸም፤ መስታወቱም አልዋሸም፤ የጎደለውን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፣ እሱም አልተናገረም። ታሪክ ያንን ሰው በስሙ አከበረው፤ ሌሎቹን በጅምላ «ነዋሪዎች» አላቸው።

ጎብኚዎች በሁለተኛው ፎቶግራፍ ፊት ትንሽ ይቆማሉ፤ ሰዎቹ እንዴት እንደ ለበሱ ያደንቃሉ። አንዳንዱም መሃል መንገድ ላይ እግሯን ተክላ የቆመችውን አጭር ሴት ያይና፣ እንዲህ ባለ የደስታ ቀን ፊቷን ለምን እንዳኮሳተረች ይጠይቃል። አስጎብኚው ይህን ጥያቄ ስለ ለመደው ሳያስብ ነው የሚመልሰው፤

«ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ይሆናል።»